ከፈረስ በሽታ ጋር የታገሉት የመንግሥት ሐኪም፦ ሰር አርኖልድ ታይለር

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ዳርቻዎች፣ ጋሪ የሚጎትት ፈረስ ወይም የተጫነ አህያ ማየት ለነዋሪው እንግዳ አይደለም። የጋማ ከብት ያለው ሰው ከሚሰጋባቸው ነገሮች አንዱ፣ ደህና ውሎ ያደረ ፈረስ በድንገት ትንፋሽ አጥሮት፣ ከአፍንጫው አረፋ እየወጣ ወድቆ ማግኘት ነው። የአፍሪካ የፈረስ በሽታ በመባል የሚታወቀው ይህ ደዌ ከሚይዛቸው ፈረሶች ከ70 እስከ 95 በመቶ የሚሆኑትን፣ ከበቅሎዎች ደግሞ ግማሽ ያህሉን ሊገድል ይችላል። አህያ የተሻለ ትቋቋመዋለች። የበሽታው መከላከያ ክትባት ዛሬ በአገራችን ቢሾፍቱ በሚገኘው የመንግሥት ተቋም ይመረታል። ለዚህ ዓይነቱ ክትባት መንገድ ከጠረጉት መካከል ግንባር ቀደሙ በደቡብ አፍሪካ የመንግሥት ሠራተኛ ሆነው ያገለገሉት የእንስሳት ሐኪም ሰር አርኖልድ ታይለር ናቸው።

ታይለር የተወለዱት እ.ኤ.አ መጋቢት 26 ቀን 1867 በስዊዘርላንድ፣ ፍሪክ በተባለች ከተማ ነው። በዚያው ዓመት መገባደጃ በአባ ታጠቅ ቴዎድሮስ ላይ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ዙላ ወደብ ላይ ሲያርፍ ይዟቸው ከመጣቸው ፈረሶችና በቅሎዎች ብዙዎቹ በበሽታ አልቀውበታል። ገዳዩ ይኸው የፈረስ በሽታ እንደነበር የኋላ ተመራማሪዎች ይገምታሉ።

የእንስሳት ሕክምናን በበርንና በዙሪክ ተምረው እ.ኤ.አ በ1889 ተመረቁ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ24 ዓመታቸው፣ ወደ ትራንስቫል አቀኑ። አጀማመራቸው ግን የሰመረ አልነበረም። በፕሪቶሪያ አቅራቢያ በሚገኝ እርሻ ላይ ተቀጥረው ሲሠሩ የመኖ መቁረጫ መሣሪያ የግራ እጃቸውን ቆረጠው። ፈረስን ይዞ፣ ገትቶና አስተኝቶ ለሚያክም ባለሙያ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያሻም። እርሳቸው ግን ሙያውን አልተዉም።

በ1893 ፈንጣጣ በማዕድን ሠፈሮች ሲገባ ክትባቱን አዘጋጅተው ስማቸው ታወቀ። የመንግሥት የእንስሳት ሐኪምነት ሹመት ያስገኘላቸው ግን ከእኛው ምድር ጋር የተያያዘ መቅሰፍት ነው። ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር እንደመጣ የሚነገርለት የደስታ በሽታ የኢትዮጵያን በሬዎች ፈጅቶ ክፉ ቀንን ካስከተለ በኋላ፣ አህጉሩን ቁልቁል አቋርጦ በ1896 ትራንስቫል ደረሰ። ያ ዓመት ኢትዮጵያውያን በዓድዋ ድል ያደረጉበት ነው። ታይለር ከሥራ ባልደረባቸው ከዋትኪንስ ፒችፎርድ ጋር ሆነው ከበሽታው ካገገሙ ከብቶች ደም የተገኘ መከላከያ ሴረም ለመሥራት ደከሙ።

በእንግሊዞችና በቦኤሮች ጦርነት ጊዜ ከቦኤር መድፈኞች ጋር በእንስሳት ሐኪምነት ዘመቱ። ጦርነቱ በቦኤሮች ሽንፈት ሲያከትም አሸናፊው አስተዳደርም ዕውቀታቸውን ስለፈለገ ዳስፖርት በተባለ ስፍራ በነበረው ቤተ ሙከራ ሥራቸውን ቀጠሉ። መንግሥት ሲለወጥ ባለሙያው ሥራው ላይ መቆየቱ በየትኛውም አገር ሁልጊዜ የሚገጥም ዕድል አይደለም።

በዚህ ወቅት ነበር ፊታቸውን ወደ ፈረስ በሽታ ያዞሩት። ከበሽታው የዳነ ፈረስ ዳግመኛ ሲታመም ስላስተዋሉ የበሽታው ዘር አንድ ብቻ አለመሆኑን ተረዱ። ዛሬ ዘጠኝ ዓይነት መሆኑ ታውቋል። ከዚያም የታማሚ እንስሳ ደምና መከላከያ ሴረም በአንድነት የሚወጋበትን ዘዴ ቀየሱ። ዘዴው ለበቅሎ ጥሩ ውጤት ሲያስገኝ ለፈረስ ግን አስቸጋሪ ነበር። በ1908 ከፕሪቶሪያ ሰሜን የኦንደርስተፖርት የምርምር ተቋም በእርሳቸው መሪነት ተከፈተ። በ1914 የሰርነት ማዕረግ ተቀበሉ። በ1920 በዚያው ሲቋቋም የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲው የመጀመሪያ ዲን ሆኑ፤ በ1927ም ጡረታ ወጡ።

አስተማማኝ የፈረስ ክትባት የተገኘው ከጡረታቸው በኋላ በ1930ዎቹ ነው። በኦንደርስተፖርት የሠሩት አሌክሳንደር ቫይረሱን በአይጥ አንጎል እያሳለፉ አዳከሙት። መላው መጀመሪያ ለቢጫ ወባ የዋለ ሲሆን ባለቤቱም የታይለር ልጅ ማክስ ነበሩ። ማክስ ታይለር ለቢጫ ወባ ክትባታቸው በ1951 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። አባት ይህን ለማየት አልታደሉም፤ ሐምሌ 24 ቀን 1936 ለንደን ውስጥ አርፈው ነበር።

ከታይለር ሥራዎች ሁሉ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከፍ አድርጎ የሚመለከተው ግን ለሹመት የማይበጀውን ነው። በእርሳቸው ዘዴ ከተከተቡት ፈረሶች አንዳንዶቹ ከሳምንታት በኋላ ጉበታቸው ተጎድቶ ይሞቱ ነበር። ጉዳቱ ከገዛ ሥራቸው ጋር የተያያዘ ቢሆንም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ገደማ በዝርዝር መዝግበው አሳተሙት። በሽታው እስካሁን በስማቸው ይጠራል። ከበሽታው ጋር የተያያዘው ቫይረስ የተለየው ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ2018 ነው።