ገንዘብ ያልቸገረው የማኅበር መሪ

ከሀብታም ቤት የተወለደ ሰው የሠራተኛ ማኅበር ሲመራ ብዙ ጊዜ አናይም። ዮ ቦኒየር ግን እንደዚያ ነበር። የተወለደው በ1930 (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስቶክሆልም ውስጥ፣ በስዊድን የታወቀው የቦኒየር የመጻሕፍት አሳታሚ ቤተሰብ ውስጥ ነው። አርፎ መኖር ይችል ነበር፤ እሱ ግን መኪና ውድድር ገባ። በፎርሙላ ዋን ከመቶ በላይ ውድድር ነድቶ ያሸነፈው አንዴ ብቻ ነው፤ በ1959 ሆላንድ ላይ።

ስሙ የሚነሳው ግን በሌላ ነገር ነው። በ1961 አሽከርካሪዎች ሞናኮ ላይ ማኅበር አቋቋሙ። የመጀመሪያው ሊቀመንበር ስተርሊንግ ሞስ ሲሆን፣ ከ1963 ጀምሮ ቦኒየር ተረከበው።

ያኔ ውድድር ማለት በዛፍ፣ በቤትና በስልክ እንጨት መሀል መብረር ነበር። በ1966 ቤልጂየም ስፓ ላይ ገና በመጀመሪያው ዙር ዝናብ ወረደና መኪኖች ተበታተኑ፤ የቦኒየርም አንዱ ነበር። ጃኪ ስቱዋርት ነዳጅ እየፈሰሰበት መኪናው ውስጥ ተቀርቅሮ ሲቀር ያወጡት የሕክምና ሠራተኞች ሳይሆኑ ሌሎች አሽከርካሪዎች ናቸው።

ታዲያ ለምን ዝም ብለው ይነዱ ነበር? ሒሳቡ ቀላል ነው። አንዱ ብቻውን አልነዳም ቢል ቡድኑ በማግስቱ ሌላ ይቀጥራል። ሁሉም አንድ ላይ እምቢ ካሉ ግን አዘጋጁ የሚሸጠው ትኬት የለውም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ይሄኔ ነው። ፈሪዎች ተብለው ቢሰደቡም አልተመለሱም። በ1969 የስፓ ውድድር ቀረ። በ1970 የጀርመኑ ውድድር ከኑርበርግሪንግ ወደ ሆክንሃይም ተዛወረ፤ ኑርበርግሪንግ የተመለሰው በቀጣዩ ዓመት፣ ዳር ዳሩ የብረት አጥር ከተሠራለት በኋላ ነው።

ቦኒየር ራሱ ግን አልተረፈም። ሰኔ 1972 ፈረንሳይ ለማን ላይ፣ በ24 ሰዓቱ ውድድር፣ መኪናው ከሌላ ተወዳዳሪ ጋር ተጋጭታ አጥሩን ዘልላ ዛፎቹ መሀል ወደቀች። ገና 42 ዓመቱ ነበር።

ማኅበሩም በ1982 ፈረሰ። የተመለሰው በ1994 ሮላንድ ራትዘንበርገርና አይርተን ሴና ኢሞላ ላይ በተከታታይ ቀናት ከሞቱ በኋላ ነው። ዛሬም አለ። አንድ አሽከርካሪ በ300 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ተጋጭቶ በእግሩ ሲወጣ ስታዩ ቴክኖሎጂውን ብቻ አታመስግኑ። አብረው እምቢ ያሉትንም አስታውሱ።