ቅዱስ አልፎንሶ ዘሊጎሪ፦ ከሕመም ጋር የኖረ እረኛ

የቅዱሳንን ገድል ስናነብ ብዙ ጊዜ ዓይናችን የሚያርፈው በተአምራታቸውና በሰማዕትነታቸው ላይ ነው። በአንዲት ቀን መከራ አክሊሉን የተቀዳጀውን እናደንቃለን፤ በየማለዳው ከዚያው ሕመም ጋር እየተነሣ ሃያ ዓመት ያህል የኖረውን ግን እምብዛም አናስተውለውም። ይሁን እንጂ በየቁምስናችን የሚበዙት እንዲህ ያሉት ናቸው፤ ጉልበታቸው የሚነዘንዛቸው እናቶች፣ ወገባቸው አልቀና ያላቸው አባቶች፣ ሕመማቸው ከውጭ ስለማይታይ የሚያምናቸው ያጡ ወጣቶች። የሕክምና ሰዎች ከሦስት ወር በላይ የዘለቀውን ሥር የሰደደ ሕመም ይሉታል። በዚህ እትም የቅዱስ አልፎንሶ ማርያ ዘሊጎሪን ሕይወት ለማቅረብ የወደድነው ስለ እነዚህ ወገኖቻችን ነው። ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አልፎንሶ ሴፕቴምበር 27 ቀን 1696 ዓ.ም. በናፖሊ አጠገብ በምትገኘው ማርያኔላ ከመኳንንት ወገን ተወለደ። ገና በ16 ዓመቱ በመንግሥትና በቤተ ክርስቲያን ሕግ የዶክተርነት ማዕረግ ተቀብሎ በጠበቃነት ስሙ ገነነ። በ1723 ግን አንድ ትልቅ ክርክር ተረትቶ ከችሎት ወጣ፤ ወደዚያም አልተመለሰም። አስቀድሞም በናፖሊ የማይድኑ ሕሙማን በተሰየመው ሆስፒታል እየተገኘ በሽተኞችን ያገለግል ነበር። በ1726 ማዕረገ ክህነት ተቀበለ፤ በ1732 ደግሞ በስካላ ከተማ፣ እረኛ ላጡት የገጠር ድሆች ወንጌልን የሚሰብከውን የሬዴምፕቶሪስት ማኅበር መሠረተ። በ1748 የታተመው የግብረ ገብ ትምህርተ መለኮት መጽሐፉ በጭከናና በልቅነት መካከል ያለውን መንገድ ለተናዛዥ አባቶች የሚያሳይ ነበር።

በ1762 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቀሌምንጦስ 13ኛ የሳንታጋታ ደይ ጎቲ ጳጳስ አድርገው ሾሙት። አልፎንሶ ዕድሜውና ጤንነቱ እንደማይፈቅዱለት ቢያመለክትም አልተቀበሉትም። ወዲያው በ1763 እና በ1764 ብርቱ ረኀብ በሀገሪቱ ላይ ወረደ፤ ጳጳሱም ድሆችን ለመመገብ ሠረገላውንና በቅሎዎቹን እስከ መሸጥ ደረሰ።

ዋናው ፈተና የመጣው በ1768 ነው። በ71 ዓመቱ ጽኑ የቁርጥማት ትኩሳት ያዘው፤ ሕመሙም አንድ ዓመት ያህል አላነሣው አለ። ስቃዩ በአንገቱ ላይ ጸንቶ ራሱን ወደ ታች አጎበጠው፤ አገጩ ደረቱን ዘወትር ከመጫኑ የተነሣ አደገኛ ቁስል ተፈጠረ። ሐኪሞች ባደረጉት ጥረት ቁስሉ ዳነ፣ አንገቱም በጥቂቱ ቀና አለ፤ ነገር ግን ጉብጠቱ እስከ ዕለተ ሞቱ አልተለየውም። ከዚያ ወዲያ በማዕድ ላይ መጠጣት የሚችለው በቀጭን ቧንቧ ብቻ ነበር።

ለአንድ ካህን ከዚህ የሚከብደው ጽዋዑን ወደ አፉ ማንሣት አለመቻሉ ነበር። መሥዋዕተ ቅዳሴ ማሳረጉ ያበቃለት በመሰለበት ጊዜ አንድ የአውጉስጢኖሳውያን ገዳም አለቃ በወንበር ተደግፎ፣ በአገልጋይም እየታገዘ ጽዋዑን እንዴት ከከንፈሩ ሊያደርስ እንደሚችል አሳየው። አልፎንሶም ይህን ምክር ተቀበለ። በዚህ ነገር ላይ ትንሽ ቆም ብለን እናስብ። የተደረገለት ተአምር አልነበረም፤ አንገቱም አልተፈወሰም። የሕይወቱ ማዕከል የሆነውን ነገር አልተወም፤ የሚፈጽምበትን መንገድ ግን ለወጠ። ሊቁና ጳጳሱ ከሌላ ሰው መማርን፣ በሌላ ሰው እጅ መታገዝን እንደ ውርደት አልቆጠረውም።

ሥራውንም እንዲሁ አደረገ። ሐኪሞቹን አልናቀም፤ ሀገረ ስብከቱን ግን አልጋው ላይ ሆኖም ቢሆን ይመራ ነበር። ስለ ክርስቶስ ፍቅር የጻፈው መጽሐፍ የታተመው በዚያው በ1768 ነው፤ በ1774 ደግሞ የመዝሙረ ዳዊትን ትርጉም አሳተመ። ዕረፍት ለመጠየቅም አላፈረም። ከሹመቱ እንዲሰናበት ደጋግሞ አመለከተ፤ ቀሌምንጦስ 14ኛም አላሰናበቱትም። በመጨረሻ በ1775 ፒዮስ 6ኛ ሲፈቅዱለት ወደ ማኅበሩ ወንድሞች ተመለሰ። አቅሙ እስካለ መሥራት፣ አቅም ሲያልቅ መሰናበትን መጠየቅ፣ መልሱ እስኪመጣም መታገሥ፣ ሦስቱም በእርሱ ዘንድ ተስማምተው ይኖሩ ነበር።

የሕመሙ ዘመን ሌላ ኀዘን ያልነበረበት አይምሰለን። ዓይኑ በደከመበት ጊዜ የማኅበሩን ደንብ የሚለውጥ ጽሑፍ በሌሎች ታምኖ ፈረመ፤ ከዚህም በተነሣው መከፋፈል ራሱ ከመሠረተው ማኅበር ውጭ ተቆጠረ። በ1784 እና በ1785 ደግሞ ብርቱ የነፍስ ጨለማና የኅሊና ጭንቀት ወረደበት። የስንቱን ጭንቀት ያቀለለ ተናዛዥ የገዛ ልቡን ለማረጋጋት የአበ ነፍሱን ቃል እንደ ሕፃን መታዘዝ ግድ ሆነበት። ረጅም ሕመም ሥጋን ብቻ ሳይሆን ነፍስንም እንደሚያደክም ከዚህ እንማራለን። እንዲህ ያለው ድካም የእምነት ማነስ ምልክት አይደለም።

ከመጨረሻው ሕመሙ በፊት ስምንት ጊዜ ለሞት ተቃርቦ የሕሙማንን ምስጢራት የተቀበለው ይህ አባት፣ ኦገስት 1 ቀን 1787 በ90 ዓመቱ በፓጋኒ ዐረፈ። በ1839 ቅድስናው ታወጀ፤ በ1871 የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ተባለ፤ በ1950 ደግሞ የተናዛዥ አባቶችና የግብረ ገብ መምህራን ጠባቂ ሆነ። በመገጣጠሚያ ሕመም የሚሠቃዩ ምእመናንም በአማላጅነቱ ይማጸናሉ።

እንግዲህ ከእርሱ ሕይወት ምን እንውሰድ? በቅዳሴ ጊዜ መቆም ተስኖአቸው ከቤት የሚቀሩ፣ ወይም ተቀምጠው በማስቀደሳቸው ኅሊናቸው የሚወቅሳቸው አረጋውያን በመካከላችን አሉ። ለእነርሱ ወንበር አቅርበን፣ ቅዱሱም በመንበረ ታቦቱ ፊት በወንበር ይደገፍ እንደነበር እንንገራቸው። መድኃኒት መውሰድ እግዚአብሔርን አለመታመን የሚመስለው ቢኖር፣ አልፎንሶ ለሐኪሞች ራሱን እንደሰጠ ያስተውል። ሁሉንም በአንድ ቀን ለመፈጸም ከመታገል ይልቅ አንዱን ዋና ነገር መርጦ ለእርሱ አቅምን መቆጠብ፣ የቀረውን ያለ ኀፍረት ለሌላ መተው ጥበብ ነው።

እናንተም ትምህርተ ክርስቶስ የምታስተምሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ ሕሙማንን ስትጎበኙ ስለ መስቀል ለመናገር አትቸኩሉ። ሕመምተኛው መስቀሉን ያውቀዋል፤ ሌሊቱን ሁሉ ከእርሱ ጋር አድሮአል። ይልቅስ ዛሬ ምን እንደከበደው ጠይቁት፣ አድምጡት፣ ውኃ ቅዱለት፣ ትራሱን አቅኑለት። ያ የገዳም አለቃ ለቅዱስ አልፎንሶ ያደረገለት የወንበር አደጋገፍ ማሳየት ብቻ ነበር፤ በዚያች ትንሽ ምክር ግን አንድ ካህን ወደ መሠዊያው ተመለሰ።

የቅዱስ አልፎንሶ ጸሎትና አማላጅነት በሕመም የሚኖሩትን ሁሉ ይርዳ፤ ለእኛም የሚያስተውል ዓይንና የሚረዳ እጅ ያሰጠን። አሜን።