የስዋሚ ዳያናንዳ ሳራስዋቲና የዓይነ ስውሩ መምህር ታሪክ

ገንዘብ ያበደረ ገንዘቡን ይቀበላል፤ እህል ያበደረም እህሉን ያስሰፍራል፤ ዕውቀት ያበደረ መምህር ግን ብድሩን በምን ይቀበላል? በሕንድ አገር ይህ ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ ሲታሰብበት የኖረ ነው። በሳንስክሪት ቋንቋ መምህር ጉሩ ይባላል፤ የቃሉም መነሻ ትርጉም ከባድ ማለት ነው። ተማሪው ትምህርቱን ፈጽሞ ሲሰናበት ለጉሩው የሚያቀርበው ስጦታ ደግሞ ዳክሺና ይባላል። ዛሬ ለአንባብያን የምናቀርበው ይህን ስጦታ በሃያ ዓመት ድካም የከፈለውን የስዋሚ ዳያናንዳ ሳራስዋቲን የሕይወት ታሪክ ነው። በጽሑፋችን የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዳያናንዳ በ1824 በምዕራብ ሕንድ፣ በጉጃራት ውስጥ ታንካራ በምትባል ስፍራ ተወለደ። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ሙልሻንካር ነበር። አባቱ ባለሀብት ብራህማን፣ ሺቫ ለሚባለውም አምላክ አምልኮ እጅግ የሚቀኑ ሰው ነበሩ። ልጁ በ5 ዓመቱ ፊደል ቆጠረ፤ በ8 ዓመቱ የብራህማን ልጆች በትከሻቸው የሚያጠልቁትን የተቀደሰ ክር ተቀብሎ ጋያትሪ የተባለውን ጸሎት ተማረ፤ 14 ዓመት ሲሆነውም ያጁርቬዳ የተባለውን ቅዱስ መጽሐፍ በቃሉ አጥንቶ ነበር።

በዚሁ ዕድሜው የሺቫ ሌሊት በሚባለው በዓል አባቱ ልጃቸው ጾሞ በመቅደስ ውስጥ እንዲተጋ አዘዙት። ሌሊቱ ሲገፋ አባትዮውንም ሌሎቹንም ሰዎች እንቅልፍ ጣላቸው። ልጁ ግን ዓይኑ ላይ ውሃ እየረጨ ነቅቶ ሳለ፣ አይጦች ወጥተው በምስሉ ላይ እየተራወጡ የቀረበለትን መባ ሲበሉ አየ። ዓለምን ይገዛል የተባለ አምላክ አይጥን ከራሱ ላይ ማባረር እንደምን ያቅተዋል ሲል አሰበ። አባቱን ቀስቅሶ ቢጠይቅ የሚያረካ መልስ ስላላገኘ ወደ ቤቱ ተመልሶ ጾሙን ፈታ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ታናሽ እኅቱ በኮሌራ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሞተችበት፤ በጣም የሚወዱትም አጎቱ ተከተሉ። ሞትን የሚያሸንፍ ዕውቀት አለን የሚለው ሐሳብ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ዕረፍት ነሳው። ወላጆቹ ሊድሩት ሲሰናዱ በ1846 ከቤቱ ጠፍቶ ወጣ። አባቱ ወታደሮች አስከትለው አንድ ጊዜ ቢይዙትም ጠባቂዎቹ ሲተኙ አምልጦ ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ ወደ አባቱ ቤት አልተመለሰም።

ከአሥር ዓመት በላይ በናርማዳ ወንዝ ዳርና በሂማላያ ተራሮች መምህር ፍለጋ ተንከራተተ። በዚሁ መካከል ምንኩስናን ተቀብሎ ዳያናንዳ ሳራስዋቲ ተባለ። ብዙ መምህራንን አየ፤ ከአንዱ አንዱን፣ ከሌላው ሌላውን ቢቀስምም ልቡ አላረፈም። በ1860 ዕድሜው 36 ሲሆን፣ በያሙና ወንዝ ዳር ካለችው ከማቱራ ከተማ ደርሶ የአንድ ሽማግሌ ደጃፍ አንኳኳ።

ሽማግሌው ስዋሚ ቪራጃናንዳ ይባላሉ። የፑንጃብ ተወላጅ ሲሆኑ፣ በ5 ዓመታቸው ፈንጣጣ ሁለቱንም ዓይናቸውን አጥፍቶባቸዋል። ወላጆቻቸው ቶሎ ስለ ሞቱ፣ ወንድማቸውም ቤት ኑሮው ስለ መረራቸው፣ ገና በልጅነታቸው እየተደናበሩ ወደ ጋንጅስ ወንዝ ወረዱ። መጽሐፍ ማየት የማይችሉ ሰው፣ ሌላው ሲያነብላቸው እየሰሙ በመያዝ፣ በሳንስክሪት ሰዋስው በዘመናቸው ከታወቁት ሊቃውንት አንዱ ለመሆን በቁ። የአልዋር ንጉሥ ተማሪያቸው በሆነ ጊዜ አንድ ቀንም ሳያጓድል ሊማር ቃል አስገብተውት ነበርና፣ ንጉሡ አንድ ቀን ቢቀር ግቢውን ለቀው መሄዳቸው ይነገራል።

ዳያናንዳ እኚህን ሽማግሌ ባገኘ ጊዜ የመጀመሪያው ትእዛዝ ከባድ ነበር። ቪራጃናንዳ የኋላ ሰዎች የጻፏቸውን የሰዋስው መጻሕፍት አይወዱም፤ የቀናው መንገድ የጥንቱ የፓኒኒ አሽታድያዪና የፓታንጃሊ ማሃባሽያ ብቻ ነው ባይ ነበሩ። ስለዚህ አዲሱ ተማሪ እስከዚያ የተማረባቸውን መጻሕፍት ወደ ያሙና እንዲጥል አዘዙት፤ እርሱም እንደ ታዘዘው አደረገ ይባላል። ቀለቡን አማርላል የተባለ ደግ ብራህማን ቻለለት። ማደሪያው በወንዙ ዳር ባለ መቅደስ ሥር የነበረች ጠባብ ክፍል ነበረች።

እነሆ ተማሪው ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ ለመምህሩ መታጠቢያ ከያሙና ውሃ ይቀዳል፤ ቤት ይጠርጋል፤ ከዚያ ለትምህርት ይቀመጣል። መምህሩ ቁጡ ነበሩ፤ ያስተማሩትንም ደግሞ ማስተማር አይወዱም። አንድ ቀን ዳያናንዳ ትምህርቱ ጠፍቶት እንዲደግሙለት ቢለምናቸው፣ ካላስታወሰው ወንዝ ገብቶ እንዲሰጥም ነግረው አሰናበቱት፤ እርሱም ከወንዙ ዳር ተቀምጦ ሲያስብ ውሎ የጠፋው ቃል ተመለሰለት ይባላል። ሌላ ቀን በዱላ እጁን መትተው አቆሰሉት። ተማሪው ግን የርሱ ሰውነት የጠነከረ፣ የመምህሩ እጅ ግን የደከመ ስለ ሆነ፣ በመምታታቸው ያመማቸው እርሳቸውን እንዳይሆን ሰግቶ እጃቸውን ያሽላቸው ጀመር። ጠባሳው ዕድሜውን ሁሉ አልለቀቀውም፤ እርሱም መምህሩን ማስታወሻው አድርጎ ያሳየው ነበር። እኛ ዱላውን አናመሰግንም። የሚደንቀን ግን አባቱንና መቅደሱን እምቢ ያለ ሰው ለዚህ ዓይነ ስውር ሽማግሌ እንዲህ መታዘዙ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ይመስለናል፤ አባቱ ሳይጠይቅ እንዲያምን ፈለጉ፤ መምህሩ ግን እያንዳንዱን ድምፅ እየመረመረ እንዲያውቅ ፈለጉ።

ይህ የድምፅ ነገር ለሳንስክሪት ጸሎት ዋና ጉዳይ ነው። ቬዳ ለብዙ መቶ ዓመታት ከአፍ ወደ ጆሮ ሲተላለፍ የኖረ እንጂ ከብራና የተለቀመ አልነበረም። ፊደሎቹ የተደረደሩት በአፍ ውስጥ በሚወጡበት ስፍራ ነው፤ ከጉሮሮ ተነሥተው ወደ ላንቃ፣ ከዚያ ምላስ ወደ ላይ ተቀልብሶ ወደሚነካው ስፍራ፣ ከዚያም ወደ ጥርስና ወደ ከንፈር ይመጣሉ። በየስፍራው 5 ድምፆች አሉ፤ ትንፋሽ ያልተጨመረበትና የተጨመረበት ድምፅ ፈጽሞ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። አናባቢው አጭር፣ ረጅም ወይም እጅግ ረጅም ይሆናል። በቬዳ ንባብ ደግሞ ድምፅ ከፍ የሚልበት፣ ዝቅ የሚልበትና ከከፍታው የሚወርድበት ሥርዓት አለ። በግዕዝ ንባብ ቤት ያለፈ አንባቢያችን፣ ተነሽ የሚነበበው ቃል ወዳቂ ሆኖ ሲነበብ የመምህር ፊት እንዴት እንደሚለወጥ ያስታውሳል።

ሊቃውንቱ ለዚህ ማስጠንቀቂያ አንድ ጥንታዊ ታሪክ ይጠቅሳሉ። ትቫሽትሪ የተባለው በኢንድራ አምላክ ላይ ቂም ይዞ፣ ኢንድራን የሚገድል ልጅ እንዲወለድለት መሥዋዕት አቀረበ። ኢንድራሻትሩ የሚለው ቃል በመጨረሻው ላይ ከፍ ተደርጎ ሲነበብ የኢንድራ ገዳይ ማለት ነው፤ በመጀመሪያው ላይ ከፍ ሲደረግ ግን ኢንድራ የሚገድለው ማለት ይሆናል። ጸሎቱ ከፍታውን ስቶ ስለ ተነበበ፣ የተወለደው ቭሪትራ በኢንድራ እጅ ሞተ። ቃሉ አልተለወጠም፤ የተሳተው የድምፁ ከፍታ ብቻ ነበር። ቪራጃናንዳ ፊደል በዓይናቸው ስለማያዩ ተማሪያቸውን የሚመዝኑት በጆሯቸው ብቻ ነበርና፣ እንዲህ ያለው ስሕተት ከእርሳቸው አያመልጥም ነበር።

ሦስት ዓመት ገደማ እንዲህ አለፈ። በ1863 የመለያው ቀን ሲደርስ ዳያናንዳ ምንም ገንዘብ አልነበረውምና፣ መምህሩ የሚወዱትን ጥቂት ቅርንፉድ ለምኖ አቀረበላቸው። ሽማግሌው ግን የፈለጉት ዳክሺና ሌላ ነበር። በአገሪቱ የተዳፈነውን የቬዳ ዕውቀት እንዲገልጥ፣ ድንቁርናን እንዲዋጋ፣ ለዚህም ዕድሜውን በሙሉ እንዲሰጥ ጠየቁት። ተማሪው እሺ ብሎ ወጣ። መምህሩ በ1868 ሲያርፉ ዳያናንዳ የሰዋስው ፀሐይ መጥለቋን ተናግሮ አዘነ።

ቃሉን ግን ጠበቀ። በ1869 በቤናሬስ ከተማ፣ የከተማዪቱ ንጉሥ ባሉበት ጉባኤ፣ ለምስል መስገድ በቬዳ ውስጥ የለም ብሎ ከብዙ ሊቃውንት ጋር ተከራከረ፤ ሁለቱም ወገኖች እኛ ረታን አሉ። እስከዚያ የሚናገረው በሳንስክሪት ብቻ ስለ ነበረ ሕዝቡ አያስተውለውም፤ አስተርጓሚዎችም ቃሉን ያጣምሙበት ነበር። በ1872 መጨረሻ ካልካታ በሄደ ጊዜ ኬሹብ ቻንድራ ሴን የተባለው የታወቀ ሰው በሂንዲ እንዲናገር መከረው። እርሱም ዕድሜው ወደ 50 ሲጠጋ እንደ አዲስ ተማሪ ሂንዲን አጥንቶ በ1874 በሕዝብ ፊት ተናገረ። በ1875 ሳትያርት ፕራካሽ የተባለው መጽሐፉ ታተመ፤ በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር በቦምቤ አርያ ሳማጅ የተባለውን ማኅበር አቋቋመ።

ከሥራው ሁሉ ታላቅ የምንለው የሚከተለው ነው። በቆየው ልማድ ሴቶችና ሹድራ የሚባሉት የበታች ወገኖች ቬዳን እንዲማሩ አይፈቀድላቸውም ነበር። ዳያናንዳ ግን ከራሱ ከያጁርቬዳ ማስረጃ እያቀረበ፣ ቃሉ ለሰው ሁሉ የተሰጠ መሆኑን አስተማረ። ለጀማሪዎችም ቫርኖቻራና ሺክሻ የተባለች የአነጋገር መማሪያ አዘጋጀ፤ በዚህም በማቱራ ያገኘውን ትምህርት ጉሩ ያጣ ልጅም እንዲያገኘው አደረገ። የመምህሩን ጥንቃቄ ሳይቀንስ የመምህሩን ደጃፍ አሰፋው ለማለት እንደፍራለን።

ነቀፋም አላጣውም። በመጽሐፉ የሌሎችን ሃይማኖቶች በጠንካራ ቃል ስለ ነቀፈ፣ ከርሱም በኋላ በተለይ በፑንጃብ ብዙ ጠብ ተነሥቷል። ይሁን እንጂ ለራሱ ክብር የሚሻ ሰው አልነበረም። በ1877 በላሆር ተከታዮቹ ጉሩ ሊሉት ቢፈልጉ እምቢ አለ፤ የማኅበሩ አባል ብቻ እንዲሆን ጠየቀ። ጉሩዎች ነን ባዮች ምእመናንን ሲበዘብዙ አይቷልና፣ እንደዚያ ያለ ቀንበር በሰው ላይ መጫን አልፈለገም።

በ1883 በጆድፑር ሳለ ታመመ፤ ተከታዮቹ ወጥ ሠሪው መርዝ አበላው ብለው ያምናሉ። ወደ አጅሜር ተወስዶ ጥቅምት 30 ቀን፣ ሕንዶች በየቤታቸው መብራት በሚያበሩበት በዲዋሊ በዓል ምሽት፣ የቬዳን ጸሎት ሲያሰማ አርፏል። በስሙ በ1886 በላሆር ትልቅ ተማሪ ቤት ተከፈተ፤ ማኅበሩም ባሕር ተሻግሮ እስከ ናይሮቢ ደረሰ።

ቪራጃናንዳ የተማሪያቸውን ፊት አንድ ቀን እንኳ ሳያዩ ሞተዋል። የሚያውቁት በድምፁ ብቻ ነበር። ዛሬ በሕንድ የአርያ ሳማጅ ተማሪ ቤቶች ሴት ልጆች የጠዋቱን ጸሎት ፊደሉን ሳያዛቡ በአንድነት ሲያሰሙ፣ ከቅርንፉድ በቀር የሚሰጠው ያልነበረው ተማሪ ዳክሺናውን ከፍሏል እንላለን።