የብርሃንን መንገድ የመረመሩት ሊቅ፣ የኢብኑል ሐይሠም ታሪክ

 

የተከበርህ አንባቢ ሆይ! ማታ መብራት በርቶ ሳለ የልጅህን ፊት የምታየው ከዓይንህ አንዳች ነገር ወጥቶ ስለሚዳስሰው ነውን? ወይስ የመብራቱ ብርሃን ከፊቱ ተመልሶ ወደ ዓይንህ ስለሚገባ ነው? ጥያቄው ቀላል ይመስልህ ይሆናል። ነገር ግን ከግሪክ ሊቃውንት እንደ ኡቅሊዲስና እንደ በጥሊሙስ ያሉት ታላላቆች ጮራ ከዓይን ይወጣል ብለው አስተምረው ነበርና፣ ብዙ ሰዎች የስማቸውን ክብር አይተው ለብዙ መቶ ዓመታት ተቀበሉት። ይህን ትምህርት በሚዛን ላይ አኑረው የመዘኑት አቡ ዓሊይ አልሐሰን ኢብኑል ሐይሠም ናቸው፤ አላህ ይዘንላቸው።

እኒህ ሊቅ በ354 ዓመተ ሂጅራ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ965 ገደማ፣ በዒራቅ በበስራ ከተማ ተወለዱ። በሒሳብ ዕውቀት ስማቸው ከገነነ በኋላ፣ በግብፅ ቢሆኑ የዓባይ ውሃ በሙላቱም በጉድለቱም ጊዜ የሚጠቅምበትን ሥራ ይሠሩ እንደ ነበር ተናገሩ። ሙላቱ በአብዛኛው ከሐበሻ ደጋ የሚወርድ የክረምት ውሃ መሆኑን አንተ ታውቃለህ። ወሬው ለግብፁ ገዥ ለአልሐኪም ቢአምሪላህ ደረሰና፣ ገንዘብ ልኮ አስመጣቸው፤ እስከ ካይሮ ውጭም ወጥቶ ተቀበላቸው።

ሠራተኞች ተሰጥተዋቸው ወንዙን ይዘው ወደ ደቡብ ተጓዙ። በመንገዳቸውም የጥንት ግብፃውያን ያነጿቸውን ሕንጻዎች ተመለከቱ፤ ልካቸው ያልተዛባ፣ ጥበባቸው እጅግ የሚያስደንቅ ነበር። ይህን ያነጹ ሰዎች ወንዙን መግራት የሚቻል ቢሆን ኖሮ ባልተዉት ነበር ሲሉ አሰቡና ተስፋቸው ተቀነሰ። በአስዋን አጠገብ ጀናዲል ከሚባለው፣ ውሃው በዓለት መካከል ከሚወርድበት ስፍራ ደርሰው መርምረው ያሰቡት እንደማይሆን ባረጋገጡ ጊዜ፣ ተመልሰው አለመቻላቸውን ለገዥው አስታወቁ።

ነጋዴ ወንድሜ ሆይ! ገንዘብ ከተቀበሉ በኋላ፣ ቃል የገቡለትን ሰው አልቻልሁም ማለት እንዴት እንደሚከብድ ከማንም ይልቅ አንተ ታውቃለህ። እዚህ ግን ባለ ገንዘቡ በጥቂት ነገር ደም የሚያፈስ፣ ጠባዩ የማይጨበጥ ንጉሥ ነበር። ለጊዜው ሹመት ሰጣቸው፤ እርሳቸው ግን ነገ የሚመጣውን ፈርተው፣ ከሹመቱ ለመውጣት አእምሮአቸው የተነካ አስመሰሉ። ንብረታቸውም ተይዞ፣ አልሐኪም በ411 ዓመተ ሂጅራ፣ በ1021፣ እስከ ጠፋበት ጊዜ ድረስ በቤታቸው ታስረው እንደ ኖሩ ታሪክ ጸሐፊዎች ይተርካሉ። ይህን ማስመሰላቸውን የሚነቅፍ ቢኖር፣ ነፍስን ከጥፋት ማዳን ግዴታ መሆኑን ያስብ።

ሰባት ክፍል ያለውን ኪታቡል መናዚርን የጻፉት በእነዚህ ዓመታት ገደማ ነው። በዚህ መጽሐፍ ማንንም በስሙ ትልቅነት ብቻ አላመኑም። ፀሐይን አተኩሮ ያየ ሰው ዓይኑ ይታመማል፤ ዓይኑን ከጨፈነም በኋላ የብርሃኑ ምልክት ይቆይበታል። እንግዲህ ብርሃን ከውጭ ገብቶ በዓይን ላይ ይሠራል ማለት ነው።

በዚህም አላበቁም። በአንድ ቀዳዳ ፊት አያሌ መብራቶችን በየስፍራቸው አቆሙ፤ ከቀዳዳው ወዲያ ያለው ክፍል ጨለማ ነበር። በውስጠኛው ግድግዳ ላይ በመብራቶቹ ቁጥር ልክ የብርሃን ነጠብጣቦች ታዩ። አንዱን መብራት ቢጋርዱት የእርሱ ነጠብጣብ ብቻ ጠፋ፤ ቢገልጡት ወዲያው ተመለሰ። ስለዚህ ብርሃን በቀጥተኛ መስመር እንደሚሄድ፣ የብዙ መብራት ብርሃን በአንዲት ጠባብ ቀዳዳ ቢያልፍም እንደማይደባለቅ ተረዱ። ይህን በሁለት ሻማና በተበሳ ካርቶን ከልጆችህ ጋር በቤትህ ልታየው ትችላለህ። ዛሬ ፎቶግራፍ የሚያነሣው መሣሪያም የሚሠራው በዚሁ በጨለማ ቤትና በቀዳዳ ሥርዓት ነው፤ በቀዳዳው ላይ መስተዋት ተጨምሮበታል።

ከእስር ከወጡ በኋላ በአልአዝሀር መስጊድ አጠገብ ተቀመጡ። ወደ ሹም ደጅ አልተመለሱም። የኡቅሊዲስን፣ የበጥሊሙስንና ሌሎችንም የሒሳብ መጻሕፍት በዓመት አንድ ጊዜ በእጃቸው ገልብጠው በ150 የግብፅ ዲናር ይሸጡ ነበር፤ የዓመት ቀለባቸውም ይኸው ነበር። ዋጋው የታወቀ ስለ ሆነ ገዢው አይከራከርም፣ ሻጩም አይጨምርም። የሚገርመው፣ በብርሃን ነገር የተሳሳቱትን ሊቃውንት መጻሕፍት አንዲት ቃል ሳያጓድሉ እየጻፉ በእነርሱ መተዳደራቸው ነው። በ430 ዓመተ ሂጅራ ገደማ በካይሮ አረፉ።

ኪታቡል መናዚር ወደ ላቲን ተተርጉሞ በአውሮፓ ተነበበ፤ በ1572ም በስዊስ አገር በባዝል ከተማ ታተመ። በምሥራቅ ግን በቀላሉ የሚገኝ አልነበረም። ሊቁ ካረፉ ከ250 ዓመት በላይ በኋላ፣ የፋርሱ ተማሪ ከማሉዲን አልፋሪሲ ስለ ብርሃን መታጠፍ በተቸገረ ጊዜ፣ መምህሩ ቁጥቡዲን አሽሺራዚ መጽሐፉን ከሩቅ አገር አስመጡለት። ተማሪውም አነበበው፣ ማብራሪያም ጻፈበት። ከዚያም ክብ ብርጭቆ ውሃ ሞልቶ በጨለማ ክፍል አስቀመጠና የፀሐይ ብርሃን እንዲያርፍበት አደረገ፤ የቀስተ ደመናም ቀለማት በአንዲት የዝናብ ጠብታ ውስጥ ብርሃን ሲታጠፍና ሲመለስ እንዴት እንደሚወጡ በዚያ ተረዳ።