ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ

የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ በ1875 ዓ.ም. በአንኮበር ጣይቱ ብጡልን በቍርባን አገቡ። ከዚያ ወዲያ ሠላሳ ዓመት ያህል አብረው ኖሩ። አዲስ አበባን አብረው ቈረቈሩ፤ በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ አብረው ዘመቱ።

በኋላ ዘመን ዐፄ ምኒልክ በጽኑ ደዌ ተያዙ፤ አካላቸው ዛለ፤ አንደበታቸውም ተዘጋ። በ1902 ዓ.ም. መኳንንቱ እቴጌይቱን ከመንግሥት ሥራ አስወገዱ። ጣይቱ ሥልጣናቸውን ቢያጡም ከባላቸው አልጋ አጠገብ አልራቁም፤ ንጉሠ ነገሥቱ በ1906 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ አስታመሙ። ከዚያም በእንጦጦ ተቀምጠው በ1910 ዓ.ም. ዐረፉ። ዐፅማቸውም ኋላ በአዲስ አበባ በበዓታ ቤተ ክርስቲያን ከባላቸው አጠገብ ተቀበረ።

ልጆች ሆይ፥ በክብር ቀን ወዳጅ ብዙ ነው፤ እውነተኛ ወዳጅ ግን በደዌ ቀን ይታወቃል።