የሻምበል አበበ ቢቂላ ሁለት ማገገሞች፦ ለወታደር አካል ብቃትና ለብርሃን ሕክምና ጥናት የሚሰጡት ትምህርት

ማገገም የሚለው ቃል በወታደራዊ ሕክምና ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛው የደከመ ወይም የታመመ አካል ወደ ቀድሞ ብቃቱ መመለሱ ሲሆን፣ ሁለተኛው ወደ ቀድሞው ሊመለስ የማይችል አካል በቀረው አቅም አዲስ ብቃት መገንባቱ ነው። የጡንቻ ድካምን ለመቀነስ ስለሚሰጥ የብርሃን ሕክምና የሚደረጉ ጥናቶች በአብዛኛው የሚለኩት የመጀመሪያውን ነው። የክቡር ዘበኛው መኰንን የሻምበል አበበ ቢቂላ ሕይወት ግን ሁለቱንም ይዟል። ይህ ጽሑፍ ታሪኩን ከዚህ አንጻር ይመረምራል።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን አቅራቢያ በጃቶ ተወለደ። በወጣትነቱ አዲስ አበባ ገብቶ የክቡር ዘበኛ ወታደር ሆነ፤ በስዊድናዊው አሠልጣኝ በኦኒ ኒስካነን እጅም ሠለጠነ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ በሮም ኦሊምፒክ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ አሸነፈ።

የመጀመሪያው ማገገም ከቶኪዮ ኦሊምፒክ ጋር የተያያዘ ነው። አበበ ትርፍ አንጀት ታሞ መስከረም 6 ቀን 1957 ዓ.ም. ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ከ35 ቀናት በኋላ፣ ጥቅምት 11 ቀን፣ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ፈጽሞ ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ተከታዩንም ከአራት ደቂቃ በላይ ቀደመው። ውድድሩን እንደጨረሰ በሜዳው ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ መታየቱ ዓለምን አስደነቀ። በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ግን እግሩ ላይ የደረሰው ጉዳት ስላልተሻለው 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ሩጫውን አቋረጠ፤ ድሉም የክቡር ዘበኛ ባልደረባው የማሞ ወልዴ ሆነ።

በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር አበበ በሌሊት መኪና ሲነዳ አደጋ ደረሰበት። የአንገቱ አከርካሪ ስለተጎዳ ከዚያ በኋላ በእግሩ አልቆመም። ለሕክምና የተላከው በእንግሊዝ አገር ወደሚገኘው የስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ነበር። የዚህ ሆስፒታል የአከርካሪ ሕክምና ክፍል እ.ኤ.አ. በ1944 በዶክተር ሉድቪግ ጉትማን የተመሠረተው ለጦር ቁስለኞች ሲሆን፣ ስፖርትን የሕክምናው አካል ያደረገ ነበር። አበበ የእጆቹን ኃይል መልሶ ካገኘ በኋላ በ1962 ዓ.ም. በስቶክ ማንደቪል ጨዋታዎች በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ፤ በ1963 ዓ.ም. ደግሞ በኖርዌይ በውሾች በሚጎተት የበረዶ ላይ ተሽከርካሪ ውድድር አሸነፈ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ።

የብርሃን ሕክምና በዚያን ጊዜ ገና ጀማሪ ነበር። የሃንጋሪው ሐኪም እንድሬ ሜሽተር ደካማ የሌዘር ጨረር የአይጦችን የጠጉር እድገት እንደሚያፋጥን ያስተዋሉት እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። ዛሬ ለጡንቻ የሚሞከረው ቀይና ከቀይ በታች ያለ ብርሃን በሕዋስ ውስጥ ያሉ ማይቶኮንድሪያዎችን በማነቃቃት ኃይል የማመንጨት ሥራቸውን እንደሚያግዝ ይታሰባል። ከከባድ ልምምድ በፊት ወይም በኋላ ሲሰጥ የጡንቻን ድካም ሊቀንስ እንደሚችል የሚጠቁሙ ጥናቶች አሉ፤ ውጤታቸው ግን እንደ ጨረሩ ዓይነት፣ መጠንና ጊዜ ይለያያል። በመሆኑም ሕክምናው ሊመረመር የሚገባው በሜክሲኮ ላስቸገረው ዓይነት ጉዳት እንጂ፣ የተጎዳ አከርካሪን እንደሚያድን ተስፋ ሊሰጥበት አይገባም።

ይህ ጥንቃቄ ለአካባቢያችንም ይጠቅማል። ከደባርቅ በላይ ያለው ቡይት ራስ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ስላለው ፀሐዩ ብርቱ ነው። ሆኖም ከፍታ ሲጨምር የሚበረታው አልትራቫዮሌት ጨረር ቆዳንና ዓይንን ይጎዳል፤ ስለዚህ ፀሐይ መሞቅ በልክ የሚሰጥን የብርሃን ሕክምና አይተካም።

የአበበ ታሪክ ለተመራማሪ የሚያሳስበው አንድ ነገር ነው። የወታደር ማገገም በሴኮንድና በኪሎ ሜትር ብቻ ከተለካ፣ ከቶኪዮው ድል በኋላ ያለው ሕይወቱ ሽንፈት ይመስላል። በስቶክ ማንደቪል መለኪያ ከታየ ግን ቀስት የያዘው እጅም ብቃት ነው። ወታደሮችን የሚመለከት ማንኛውም የብርሃን ሕክምና ጥናት ወደ ግዳጅ የተመለሱትን ሲቆጥር፣ ያልተመለሱት ምን መሥራት እንደቻሉም ሊመዘግብ ይገባዋል።