ሐንሰን፦ ስሙ ዘነበወርቅ የቀረው ሐኪም

ከጀሞና ከመካኒሳ በዘነበወርቅ በኩል የምንመላለስ ሰዎች አለርት ግቢ ያለውን የአርማወር ሐንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት በስም እናውቀዋለን። ሰውየውን ግን ስንቶቻችን እናውቀዋለን?

ጌርሃርድ አርማወር ሐንሰን በ1841 (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው) በርገን፣ ኖርዌይ ተወለደ። ከተማዋ ያኔ የሥጋ ደዌ ሕሙማን የሚሰበሰቡባት ነበረች። አለቃውና ኋላም አማቱ የሆነው ዳኒየልሰን በሽታው በዘር ይወረሳል ባይ ነበር። እኛም አገር በዘር ነው እየተባለ ስንት ትዳር ሳይሆን ቀርቷል! ሐንሰን ግን ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል ብሎ ተነሣ፤ በ1873ም ከሕሙማን እባጭ በወሰደው ናሙና ውስጥ በማይክሮስኮፕ በትር መሰል ነገሮች አየ።

ማየት አንድ ነገር ነው፣ ማሳየት ሌላ። ባክቴሪያው ቀለም አልይዝ አለ። ምክንያቱ ዛሬ ይታወቃል፦ በገጽታው ላይ አራቢኖጋላክታን የሚባል ፖሊሳካራይድ፣ ማለትም የስኳር ሰንሰለት አለ፤ በዚያ ላይ ማይኮሊክ አሲድ የሚባሉ ረጃጅም የቅባት አሲዶች ተያይዘው እንደ ሰም ይሸፍኑታል። በውሃ የተበጠበጠ ተራ ቀለም ይህን አልፎ አይገባም። በ1879 ሐንሰን ናሙናውን ለጀርመናዊው ወጣት ሐኪም ለአልበርት ናይሰር ሰጠው። ናይሰር ማቅለም ተሳካለትና ግኝቱን የራሱ አድርጎ አሳተመ። ሐንሰን ተከራክሮ ቀዳሚነቱን አስመሰከረ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲልና ኔልሰን መላውን አገኙ። ፉክሲን የተባለውን ቀይ ቀለም ከፌኖል ጋር ቀላቅሎ ማሞቅ ነው፤ ሙቀቱና ፌኖሉ ሰሙን ያሳልፉታል። አንዴ ከገባ በአሲድ ቢታጠብም አይለቅም። ሌላው ሁሉ ቀዩን ለቅቆ ሰማያዊ ሲቀባ ባክቴሪያው ቀይ ሆኖ ይቀራል። ለቲቢ አክታ ምርመራም እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

ሐንሰን ግን በቀለም ብቻ የሚታወስ አይደለም። መተላለፉን ለማረጋገጥ በ1879 ከሌላ ሕመምተኛ የተወሰደ ነገር በአንዲት ታካሚ ዓይን ውስጥ አስገባ፤ ፈቃዷን አልጠየቀም። ሴትዮዋ ዝም አላለችም፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1880 ከሆስፒታል ሥራው ተነሣ። የአገሪቱ የሥጋ ደዌ ዋና ሐኪምነቱ ግን አልተወሰደበትም። በእኛ እምነት ይህ ቅጣት ቀላል ነበር፤ ያየው እውነት የሴትዮዋን ሐቅ አይከፍልም።

በ1912 ሞተ። አዲስ አበባ ያለው ኢንስቲትዩት በኖርዌይና በስዊድን ድጋፍ በ1970 ተከፈተ። ዛሬ ከአለርት ጋር የጋራ የሥነ ምግባር ኮሚቴ አለው፤ ተመራማሪ ከሕሙም ናሙና ከመውሰዱ በፊት እዚያ ያልፋል፣ ሕሙሙም ይጠየቃል።